እናቴ የምትገባበት ሌንስ

ስካይዌይ፣ ሲያትል
ጥቅምት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለእኅቴ ልጅ ለሄዋን፤

እንደምን ከረምሽልኝ? መስቀሉስ እንዴት አለፈ? እኔ በእናቴ ጸሎት ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ ገብቷል፤ ይኼ ለሲያትል ወሬ ስላልሆነ እተወዋለሁ። እናትሽን ሽቱን፣ ታላቄን ጋሼ አበጀን፣ ልጆቹን ሁሉ በየስማቸው ሳሚልኝ። እናቴን ግን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ያን የሚያማትን።

የመስቀሉ ፎቶ ደረሰኝ። አሥራ አራት ሰው ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ቆጠርኩ፤ እናቴ የለችም። በየዓመቱ እሷን ለብቻዋ፣ ሌላውን ለብቻው ነበር የምትልኪልኝ። ዘንድሮ ሁሉንም ባንድ ላይ አድርጊልኝ ብዬ የለመንኩሽ ለሳሮን ነው። ልጄ ሰባት ዓመት ሞላት፤ ከእናቷ ጋር ሾርላይን ስለሆነች የማገኛት ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ትምህርት ቤት የቤተሰብ ዛፍ ሥሩ ብለዋቸው፣ የእኔን ወገን ባዶ ትታ መጣች። «ዳዲ፣ አይ ዶንት ኖው ኤኒባዲ» አለችኝ። አንድ ፎቶ ፊቷ አስቀምጬ፣ ይቺ እናቴ ናት፣ እነዚህ ሁሉ ከሷ የወጡ ናቸው ልላት ነው የፈለግኩት። ወረቀቴ እስኪያልቅ ከዚህ አገር ንቅንቅ ማለት አልችልም። እናቴን ካየኋት አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ፤ ስልክ እንዳላናግራት ጆሮዋ አይሰማም። ያለኝ ፎቶ ብቻ ነው።

ደግሞ ምን ሆናችሁ ነው? መስቀል ነው ወይስ የቀበሌ ስብሰባ? አንድ ሰው እንኳ ጥርሱን አላሳየም። ክትፎው ሳይደርሳቸው ነው እንዴ ያነሳሻቸው?

መልስሽን ቶሎ ላኪልኝ።

አጎትሽ ሀብተ ጊዮርጊስ


ቡኢ
ኅዳር 22 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ድረስ ይምጣልዎት። ጤናዎ እንዴት ነው? ሥራውስ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

የእማማን ነገር እንደሚያውቁት እግሯ እሺ አይላትም፤ ደጅ ስለማትወጣ ቤት ውስጥ ነው ያነሳኋቸው። እኔ ያለኝ ሌንስ ደግሞ ባለ ሃምሳ ሚሊሜትሩ ብቻ ነው፤ ለጉርድ ፎቶ እንጂ ለብዙ ሰው አይሆንም። ጀርባዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እንኳ ሁሉም አልገቡልኝም። እማማ ዳር መደቡ ላይ ነበረች፤ ሳላስተውል ተቆርጣለች። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ለብቻዋ ያነሳኋትን በዚህ ፖስታ ልኬያለሁ።

ያልሳቁት እኔ «እንዳትንቀሳቀሱ» ብዬ ጮኼባቸው ነው።

ሳሮንን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ሄዋን


ስካይዌይ
ጥር 2 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለሄዋን፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በገና ዋዜማ ነው። የእናቴን ፎቶ ሳይ ምን አልኩ መሰለሽ? ይቺ ሴት ወደ ኋላ ነው እንዴ የምታረጀው! ከአምናው ይልቅ ጉንጯ ሞልቷል፤ ዓይኗም ጠርቷል። ምን እያበላችኋት ነው? ፍሪጄ ላይ ለጥፌያታለሁ፤ ወተት ባወጣሁ ቁጥር እንደምን አደርሽ እላታለሁ።

ተቆርጣለች ላልሽው መላ አግኝቻለሁ። ሌንስሽ ከጠበበ ሰፊ ሌንስ መግዛት ነዋ! እኔ ስለ ካሜራ የማውቀው መነሳት ብቻ ነው፤ ግን መጋዘን አብሮኝ የሚሠራ ኑሩ የሚባል የቡታጅራ ልጅ አለ፤ ቅዳሜና እሁድ የሐበሻ ሠርግ ያነሳል። መጋዘናችን ያለበት ሰፈር ስሙ ሶዶ ነው፤ ከአገሬ ሶዶ ወጥቼ አሜሪካ ሶዶ ገባሁ እያልኩ አስቀዋለሁ። ካሜራው እንዳንቺው ፊልም የሚጎርስ ኒኮን ስለሆነ ለሱ የሚገጥመው ላንቺም ይገጥማል። ምሳ ሰዓት ላይ ጠየቅኩት። ሳንድዊቹን አስቀመጠና፣ «ሶ፣ እናትህን ለማንሳት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ኦኬ። ሦስት ቾይስ አለህ» ብሎ ናፕኪን ላይ ሣለልኝ።

ሠላሳ አምስት አለ፣ ሃያ ስምንት አለ፣ ሃያ አራት አለ። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር የሚያየው ይሰፋል። ሦስቱም ዙም የላቸውም፤ የምትቀርቢውም የምትርቂውም በእግርሽ ነው፤ ይኼን አንቺ ታውቂዋለሽ። ሠላሳ አምስቱ የሰው ፊት አያበላሽም፤ ለጠባብ ቤት ግን ያንሳል። ሃያ አራቱ ግድግዳውን ሁሉ ያስገባል፤ ዳር የቆመውን ግን ወደ ጎን ይለጥጠዋል። ሃያ ስምንቱ መሐል ላይ ነው፤ ለሁሉም ትንሽ ትንሽ። «አትቸኩል፣ ቴክ ዩር ታይም» አለኝ ኑሩ። እኔ ደግሞ ያማረኝ መቸኮል ነው።

ስለዚህ ቤቱን በሜትር ለክተሽ ላኪልኝ። ከበሩ እስከ ጓዳው ስንት ነው? ከመደቡ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳስ? እናቴ የምትቀመጠው አሁንም በመስኮቱ በኩል ነው? ይቺን ሴትዮ የሚያስቀር ሌንስ አልገዛም።

አጎትሽ ሀብተ ጊዮርጊስ


ቡኢ
የካቲት 6 ቀን 1998 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ በጊዜው አልተላከም)

አጎቴ፤

እማማ ሞታለች።

ነሐሴ 22 ቀን ነው። የታመመችው ሦስት ቀን ብቻ ነበር። ገና ከቀብር እንደተመለስን ጋሼ አበጀ ሁላችንንም ሰብስበው፣ «ለሀብቴ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። «ወረቀቱ ሳያልቅ ከሰማ ጥሎ ይመጣል። ከመጣ መመለሻ የለውም፤ ልጁን ያጣል። ወረቀቱ ሲያልቅ እዚያው ያሉት ያገር ሰዎች ተሰብስበው ያረዱታል።» ሁላችንም ማልን። እኔም ልክ ናቸው ብዬ ማልኩ። ግን ደብዳቤ የምጽፍልዎ እኔ ነኝ እንጂ እሳቸው አይደሉም።

የመስቀሉ ፎቶ ከቀረ ይጠረጥራሉ ብዬ፣ ጥቁራቸውን አስወልቄ ከጎረቤት ነጭ ነጠላ ተውሼ ያለበስኳቸው እኔ ነኝ። እናቴ የተላጨ ራሷን በሻሽ ሸፈነች። አስተካክዬ አቆምኳቸው፤ «ሳቁ» ማለት ግን አቃተኝ። ወደ ኋላ ነው እንዴ የምታረጀው ያሉላት ፎቶ፣ የዛሬ አምስት ዓመት ቡታጅራ ፎቶ ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ያነሳኋት ናት። ፊልሙን ከካርቶን ውስጥ ፈልጌ እንደገና አሳጠብኩት።

ተቆርጣለች ያልኩዎት የመጣልኝን ነው። ሱቅ ያስኬድዎታል ብዬ መች አሰብኩ! እውነቱን ልንገርዎ፤ ይኼን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ሃያ አራት ሌንስ የሰው እጅ ላይ ሳይ ልቤ ይሸፍታል። ነገ ግን ሠላሳ አምስቱን ይግዙ ብዬ ልጽፍልዎ ነው። ሠላሳ አምስቱ ቢመጣ «አሁንም አልገባችም» ማለት እችላለሁ። ሃያ አራቱ ከመጣ ምን እላለሁ?


ቡኢ
የካቲት 7 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከደብዳቤዬ ቀድሞ ይድረስዎ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ከመደቡ እስከ ፊት ለፊቱ ግድግዳ አራት ሜትር ነው፤ ወርዱ አምስት። እኔ ግን ሠላሳ አምስቱን ቢገዙልኝ እወዳለሁ። ሃያ አራቱ ዳር ያለውን ሰው እርስዎም እንዳሉት ይለጥጣል፤ ጋሼ አበጀ ዳር ቢቆሙና ሆዳቸው ሰፍቶ ቢወጣ ከእኔ ጋር መጣላታቸው ነው። ሃያ ስምንቱም ያው ነው። ደግሞም የሚያስቸኩል ነገር የለም፤ ወረቀትዎ ይቅደም።

እግዚአብሔር ያሰቡትን ያሳካልዎ።

ልጅዎ ሄዋን


ስካይዌይ
መጋቢት 20 ቀን 1998 ዓ.ም.

ለሄዋን፤

ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? አንቺ ልጅ ግን ምን ነክቶሻል? ሰው እንግዛልህ ሲባል ትልቁን ይመርጣል፤ አንቺ ትንሹን! የጋሼ አበጀ ሆድ እንደሆነ ያለ ሌንስም ሰፊ ነው።

የሚገርመው ኑሩም ካንቺ ጋር ገጠመ። «ሠላሳ አምስቱ ይበቃሃል» ይለኛል። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበትን ሱቅ ሁሉ አዞረኝ። አንዱ ጋ ሃያ አራት አግኝተን ልከፍል ስል፣ «ቆይ፣ ግላሱን ቼክ ላድርገው» ብሎ ግማሽ ሰዓት በብርሃን ሲያገላብጠው ቆየና፣ «ፈንገስ አለው፣ ተወው» አለኝ። መስታወቱ ሻግቷል ማለቱ ነው፤ እኔ ግን ምንም አልታየኝም።

በመጨረሻ ሰለቸኝና የራሴን ፈተና አወጣሁ። እሁድ መጋዘኑ ባዶ ነው። አለቃችንን አስፈቅጄ ወለሉ ላይ የእናቴን ቤት በልክሽ በቴፕ አሰመርኩ፤ አምስት በአራት። በሩን አሰመርኩ፣ መስኮቱን፣ መደቡን። በየሰዉ ፋንታ ካርቶን ደራርቤ አቆምኩና በማርከር ስም ጻፍኩባቸው፤ አበጀ፣ ሽቱ፣ ሄዋን፣ የልጆቹን ሁሉ። ለእናቴ ብቻ ካርቶን አልሆንልህ አለኝ፤ ወንበር አምጥቼ በመስኮቱ በኩል አስቀመጥኩና ጃኬቴን ደረብኩበት። ኑሩ ሦስቱንም ሌንስ ተውሶ መጣ። መጀመሪያ በራሱ ሃምሳ ሞከርን፤ እውነትሽን ነው፣ ግማሹ ሰው ውጭ ቀረ። በሠላሳ አምስቱ ሦስት ካርቶን ውጭ ተረፈ። በሃያ ስምንቱ ሁሉም ገቡ፤ ግን የዳሮቹ ትከሻ ተቆረጠ፤ የእናቴም ወንበር አንድ እግሩ ጠፋ። ሃያ አራቱን ሲገጥም ካሜራውን ተቀብዬ አየሁበት። ሁሉም አሉ! ወንበሩም፣ መስኮቱም። ጮኽኩኝ። ዞር ስል ኑሩ በክንዱ ፊቱን ይጠርጋል። ምነው ስለው፣ «አለርጂ ነው፤ ስፕሪንግ ሲመጣ ሁሌ ነው» አለኝ።

ስለዚህ ሃያ አራቱን ገዝቻለሁ። ለፋሲካ አዲስ አበባ የሚገባ ሰው ይዞልሽ ይመጣል። እናቴን ዳር አታድርጊያት፤ መሐል አስቀምጪያት፣ እንዳትለጠጥብኝ።

የወረቀቴ ቀጠሮ ሚያዝያ መጨረሻ ነው፤ ጸልዩልኝ። ከፎቶ ቤትሽ ጎን ባለው ፋርማሲ ሁለት ጊዜ ደውዬ የለችም ተባልኩ። የት ነው የምትውይው?

አጎትሽ ሀብተ ጊዮርጊስ


ቡኢ
ሚያዝያ 25 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

እንኳን ለትንሣኤው አደረስዎ። ሌንሱ በደህና ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን ካሜራዬ ተበላሽቶ አዲስ አበባ ለጥገና ልኬዋለሁ። መቼ እንደሚመለስ አልታወቀም።

ደህና ነን።

ሄዋን


ስካይዌይ
ግንቦት 21 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሄዋንዬ!

እልል በይ! ወረቀቴ ተፈቀደ! ጠበቃው ሲነግረኝ አልገባኝ ብሎ ሁለቴ አስደገምኩት። ከሐምሌ በኋላ ወጥቼ መግባት እችላለሁ። ካሜራሽ ተበላሸ? ይበላሽ! የኑሩን ተውሼ ራሴ ይዤ እመጣለሁ፤ ለመስቀል ቡኢ ነኝ። ሁላችሁንም በዚያ ሌንስ የማነሳችሁ እኔ ነኝ፤ ከዚያ አንቺ ትቀበይኝና እኔም ከእናቴ አጠገብ እገባለሁ።

መጀመሪያ የነገርኩት ለኑሩ ነው። አቅፎኝ ቀረ፤ አልለቅህ አለኝ። ይኼ ልጅ እንዲህ እንደሚወደኝ አላውቅም ነበር።

አንድ ነገር አደራ። ለእናቴ እንዳትነግሯት። ድንገት በሩ ላይ ቆሜ ልያት።

ሀብቴ


ስካይዌይ
ሰኔ 26 ቀን 1998 ዓ.ም.

ሄዋን፤

እሁድ ንጋት ላይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የእድሩ ሽማግሌዎች ቆመዋል፤ አሥራ አንድ ሰው፣ ጥቁር ለብሰው። ኑሩ ከኋላ ነበር፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በንጋት ጥቁር የለበሰ ሽማግሌ በሩ ላይ ቆሞ አይቶ ነገሩ የማይገባው ያገሬ ሰው የለም። ቃል ሳይተነፍሱ ገባኝ። ግን ትናንት የሞተች ነበር የመሰለኝ። «መቼ?» አልኳቸው። ነሐሴ ሲሉኝ ነው የወደቅኩት።

አሥር ወር! አሥር ወር ሙሉ ለሞተች ሴት ቦታ ስለካ ከረምኩ። ወንበር አስቀመጥኩላት። ዳር አታድርጊያት እያልኩ ጻፍኩልሽ፤ አንቺም አንብበሽ ደህና ነን አልሽኝ። ለእናቴ እንዳትነግሯት ያልኩት ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን አደረግሽ? ሰብስበሽ አነበብሽላቸው?

ኑሩ ከመስከረም ጀምሮ ያውቅ ነበር። ጋሼ አበጀ ለእድሩ ደውሎ አደራ ብሏቸው፣ ወረቀቱ እስኪያልቅ እንዳትተነፍሱ ተብለው፣ ስካይዌይ ያለው ሐበሻ ሁሉ እያወቀ እንዴት ነህ ሲለኝ ከረመ። ኑሩ እግሬ ላይ ወድቆ ነገረኝ። ያ ሌንስ ፈንገስ አልነበረበትም። አንድ ሳምንትም ብትሆን ላቆየው ብሎ ነው ከሱቅ ሱቅ ያዞረኝ።

አልመጣም። ለማን ብዬ? አንቺም ከእንግዲህ አትጻፊልኝ።

ሀብተ ጊዮርጊስ


ቡኢ
ነሐሴ 28 ቀን 1998 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፤

አትጻፊ ብለውኛል፤ አላስችል ብሎኝ ጻፍኩ። እግዚአብሔር ያጽናዎት። ለብቻዎ ስላለቀሱ፣ እኛ ስናለቅስ እርስዎ ከእኛ ጋር ስላልነበሩ፣ ይቅር ይበሉኝ።

ያን ደብዳቤዎን ለማንም አላነበብኩም። ፎቶ ቤቴን ዘግቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ካሜራዬ አልተበላሸም ነበር። የካቲት ላይ ጽፌ ያልላክሁልዎትን ደብዳቤ አብሬ ልኬያለሁ። እዚያ ላይ ያልጻፍኩትን አንድ ነገር ልጨምር። እማማ በመጨረሻው ቀን ዓይኗ ደክሞ ሰው መለየት አቁማ ነበር። ውኃ ላጠጣት ስጠጋ እጄን ይዛ፣ «ሀብቴ፣ መጣህ?» አለችኝ። ኩባያውን ከንፈሯ ላይ አደረግኩላት። ደግማ ጠየቀችኝ። «አዎ፣ መጣሁ» አልኳት። እጄን ሳትለቅ አረፈች። መዋሸት የጀመርኩት ያን ቀን ነው አጎቴ፤ በእርስዎ አይደለም።

ሙት ዓመቷን ባለፈው ሰኞ አወጣን። ሁሉም ቤት ውስጥ እንደተሰበሰቡ ሃያ አራቱን ገጠምኩ። ማንንም ልብስ አላስቀየርኩም፤ ሳቁም፣ ዝም በሉም አላልኩም። አንድ ሰው ሳይቀር ገባልኝ፤ በመስኮቱ በኩል ያለው መደብ ግን ባዶውን ቀረ። ጠጋ በሉ ብላቸው ማንም የሚጠጋ ጠፋ። እንዳለ አነሳሁት። ጋሼ አበጀ ዳር ናቸው፤ ተለጥጠዋል፤ አይተው ግን አልተጣሉኝም።

ፎቶውን በሌላ ፖስታ አድርጌ ልኬያለሁ፤ ቢቀደድም ቢቀመጥም የእርስዎ ነው።

ሄዋን


ስካይዌይ
ጥቅምት 27 ቀን 1999 ዓ.ም.

ልጄ ሄዋን፤

እንደምን አለሽልኝ? አትጻፊ ብዬሽ ስለጻፍሽ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እጇን ስለያዝሽልኝም። ያቺን ቦታ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም።

የፎቶውን ፖስታ ግን ለመክፈት ወኔ አጥቼ አንድ ወር ጠረጴዛ ላይ ተኛ። ባለፈው ቅዳሜ ሳሮን መጥታ እሷ ከፈተችው። ለቅሶው ሲሆን ሾርላይን ስለነበረች አልነገርኳትም። ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ እያልኩ አራት ወር አለፈ። ፎቶውን መሬት ላይ ዘርግታ በጣቷ እየነካች ሁሉንም በእንግሊዝኛ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ዳዲ፣ ዊች ዋን ኢዝ ዩር ማም?» ብላ እናቴ የቷ እንደሆነች ጠየቀችኝ።

እውነቱን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ደስ ብሏታል፤ ዓይኗ ያበራል። እናትሽ ሽቱ ከባዶው መደብ አጠገብ ቁጭ ብላለች፤ ጥቁሩን ለብሳ፣ ፊቷ ቁርጥ እናቴን። የሳሮንን ጣት ይዤ እሷ ላይ አሳረፍኩት። «ይቺ ናት» አልኳት። «ሺ ሉክስ ሳድ» አለችኝ፤ ያዘነች ትመስላለች ማለቷ ነው። «እኛን ናፍቃ ነው» አልኳት። መቼ እንሄዳለን ስትለኝ፣ ለመስቀል አልኳት።

ወደ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ሁላችሁንም የተረዳኋችሁ ያኔ ነው፤ አንቺን፣ ጋሼ አበጀን፣ ያንን ምስኪን ኑሩን። አልተቀየምኩሽም። ተቀይሜ ነበር፤ አሁን ግን በምን አፌ?

አንድ ቀን እነግራታለሁ። እስከዚያ ግን፣ ስትጽፊልኝ ከታች አያቷ ራሷ ለሳሮን የላከች አስመስለሽ ሁለት መስመር ጨምሪልኝ። እኔ ልጽፍ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። አንቺ ታውቂበታለሽ።

አጎትሽ ሀብተ ጊዮርጊስ